በስልክ የሚነበብ አማርኛ መጽሐፍ ለምን የለንም? ፒዲኤፉ አደከመን

ሳቢያን ማዶ
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ይሄን ነገር ሰፈር ውስጥ ስንት ጊዜ አውርተነዋል ግን እዚህ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። አማርኛ መጽሐፍ በስልክ ማንበብ አሁን ባለበት ሁኔታ ማንበብ አይደለም ፎቶ ማየት ነው። ቴሌግራም ላይ ኢ-ቡክ እየተባለ የሚለቀቀው አብዛኛው ፒዲኤፍ ነው፣ እሱም ብዙው በስልክ ካሜራ የተነሳ ገጽ ነው፣ ጥግ ላይ የያዘው ሰው ጣት ሳይቀር ይታያል፣ መጽሐፉ የታጠፈበት ጋ ጥላ ስላለ የየመስመሩ የመጨረሻ ሁለት ሶስት ፊደል የለም።

በደንብ የተሰራው ፒዲኤፍ ራሱ አይሆንም እኮ። ሂሳቡን ስሩት። መጽሐፎቻችን ብዙዎቹ የሚታተሙት በኤ5 ነው፣ ወርዱ 14.8 ሴንቲሜትር። የስልኬ ስክሪን ወርድ 7 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ገጹ ሙሉ ሲገባ ፊደሉ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ በ12 የተጻፈው 6 አይሞላም ማለት ነው። እንግሊዝኛ በ6 እንደምንም ይነበባል። የኛ ፊደል ግን ሱ እና ሲ የሚለዩት ያቺ ትንሽ ቅጥያ ወገቡ ላይ ናት ወይስ እግሩ ላይ በሚለው ነው፣ እሷ ከጠፋች ቃሉ ጠፋ። ዙም ስታደርግ መስመሩ ከስክሪን ይወጣል፣ ወደ ቀኝ ትጎትታለህ ወደ ግራ ትመልሳለህ፣ ሶስተኛው መስመር ላይ የት እንደነበርክ ይጠፋሃል። አንድ ምዕራፍ ሳልጨርስ አይኔ ይቃጠላል።

ከዛ ውጭ ሀገር ያለ ዘመዴ ባለ 6 ኢንች ኢሪደር፣ መጽሐፍ ብቻ የሚነበብበት መሳሪያ፣ ላከልኝ። ስክሪኑ ብርሃን አይረጭም፣ ፀሐይ ላይ እንደውም ከስልክ ይበልጣል፣ ከዚራ ዛፎቹ ስር ከሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ለድሬ የተሰራ ነው የሚመስለው። እንግሊዝኛው ቆንጆ ነው። አማርኛ ስጭንበት ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን ብቻ። ፒዲኤፍ ስጭን ደግሞ ፊደሉ ይመጣል ግን ያው ድቃቅ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ ሳጥኑን ምን ላርገው? ሁለተኛ አሳታሚዎቻችን ጽሑፉን በኢፐብ፣ ማለትም መስመሩ ከስክሪኑ ጋር አብሮ በሚስተካከል የመጽሐፍ ፋይል፣ ቢለቁት ፊደሉን እንደፈለግን አሳድገን እናነብ ነበር፣ ለምንድነው የማይለቁት? ብሩን እንደሁ እንከፍላለን።

ለገሃር ባቡር
አቦ ጥሩ ነገር አነሳህ። ስለ ሳጥኑ ልመልስልህ። ሳጥን የሚመጣው መሳሪያው ውስጥ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ስለሌለ ነው፣ ፋይልህ ጤነኛ ነው። አንድሮይድ ስልክ ኖቶ የሚባለውን ፎንት የኛን ፊደል ጨምሮ ይዞ ስለሚመጣ ይታይሃል፣ ኢሪደሮች ግን ለሚሸጡበት ገበያ የሚያስፈልገውን ፊደል ብቻ ነው የሚጭኑት። ስለዚህ ፎንቱን አንተ ትሰጠዋለህ። በኬብል ኮምፒውተር ላይ ሰክተው፣ ፎንትስ የሚል ፎልደር ካለ እሱ ውስጥ ከሌለም ፈጥረህ የፎንቱን ፋይል ጣልበት፣ ከዛ መጽሐፉን ከፍተህ የፎንት ምርጫ ውስጥ ታገኘዋለህ። ሌላው መንገድ ፎንቱን መጽሐፉ ውስጥ መክተት ነው። ካሊበር የሚባል መጽሐፍ ከአንዱ ፎርማት ወደ ሌላው የሚቀይር ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ኮንቨርት ሲያደርግ ፎንት ክተት የሚል ምርጫ አለው።

ፎንት ላይ አቢሲኒካ ወይ ኖቶ ውሰድ። ሁለቱም ፈቃዳቸው ክፍት ነው፣ መጽሐፍ ውስጥ አስገብተህ ብታሰራጭ ማንም አይጠይቅህም። ኒያላ ያምራል ግን ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ፎንት ስለሆነ የሚሸጥ መጽሐፍ ውስጥ አትክተተው።

ለፒዲኤፉ ደግሞ ኬኦ ሪደር የሚባለውን የማንበቢያ ፕሮግራም ሞክር፣ አንድሮይድ ላይም አንዳንድ ኢሪደር ላይም ይሰራል። ሪፍሎው የሚል ነገር አለው፣ ገጹን እንደ ምስል ወስዶ ቃል በቃል ይቆራርጥና ስክሪንህ በሚችለው ልክ መልሶ ይደረድረዋል። ፊደሉን ማወቅ አያስፈልገውም፣ በቃላት መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ አማርኛም ይሆንለታል። ቀጥ ብሎ ስካን የተደረገ መጽሐፍ ላይ ጥሩ ነው። ጠማማ ፎቶ ላይ ግን አትልፋ። ቃሉን በሁለት ነጥብ እያለያዩ አጠጋግተው ያተሙት የድሮ መጽሐፎች ላይም ክፍተቱ ስለማይታየው ይደናገራል።

ሳቢያን ማዶ
ወላሂ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ መብራት ካለ እሞክረዋለሁ።

የድሮ ታይፒስት
ልጆች ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ መጋላ ውስጥ በጽሕፈት ስራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ብዙ መጽሐፍ በእጄ ተለቅሟል። ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ አሳታሚ ሰነፍ ነው ይላል እንጂ ነገሩ ከስር የተበላሸው ድሮ ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ለፊደላችን ቦታ አልነበረውም። አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ነበር፣ ከዛ ላይ የእንግሊዝኛውና የማሽኑ ተነስቶ የሚቀረው ጥቂት ነው። የኛ 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ እንደ ቋ ጓ ያሉት ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ የዛን ጊዜ ፎንት ሰሪዎች ብልሃት ፈጠሩ፣ አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፣ አንዳንዱ እግርና ቅጥያውን ለብቻ ሰርቶ ገጣጠመው። ኮምፒውተሩ ግን ውስጡ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው፣ አማርኛ የሚመስለው ከላይ ሲታይ ነው። እነዚያን ሰዎች አመሰግናለሁ፣ ያለ እነሱ መጽሐፍም ጋዜጣም ባልወጣ። ዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚያገኝበት የኮምፒውተር ስርዓት፣ ፊደላችንን የተቀበለው እ.ኤ.አ በ1999 በ3.0 እትሙ ነው፣ ማተሚያ ቤቶች ግን ማሽናቸው፣ ፔጅሜከር የሚሉት የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራማቸው፣ ሰራተኛቸው ሁሉ በድሮው ስለተሰራ ከዛም በኋላ ብዙ ዓመት በድሮው ቀጠሉ። አሁንም በድሮው የሚለቅሙ አሉ።

ውጤቱን እናንተው ሞክሩት። አንድ አማርኛ ፒዲኤፍ ክፈቱና አንድ አረፍተ ነገር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ትርጉም የለሽ ነገር ከወጣ መጽሐፉ በድሮው ፎንት ነው የተጻፈው። ፒዲኤፍ ፎንቱን በሆዱ ስለሚይዝ አይናችን ላይ አማርኛ ነው፣ ከስሩ ግን አማርኛ የለም። እንዲህ ያለ ፋይል ወደ ኢፐብ ሲቀየር ያ ትርጉም የለሹ ነገር ነው የሚወጣው፣ ብዙ ሰው ካሊበር አይሰራም የሚለው በዚህ ነው። አሳታሚው ጋ ያለው ዋናው ፋይልም ያው ስለሆነ ኢፐብ ልስራ ቢል እንደገና ማስለቀም ወይም የፎንቱን ቅደም ተከተል የሚያውቅ መቀየሪያ ማግኘት አለበት። ለእያንዳንዱ ፎንት ቅደም ተከተሉ ይለያያል።

በጆሮ አንባቢ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለዓመታት የሚያንገበግበኝን ነገር ነው ያስረዱልኝ። እኔ አይነ ስውር ነኝ፣ ሐረር ነው የምኖረው። ስልኬን በቶክባክ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምጽ በሚያነበው፣ ነው የምጠቀመው፣ ለአማርኛው ኢስፒክ የሚባለውን ድምጽ ጭኛለሁ፣ ድምጹ ደረቅ ነው ግን ከለመዱት ይነበባል። ሳቢያን ማዶ ፊደሉ ደቀቀብኝ ትላለህ፣ ለኔ ግን በካሜራ የተነሳው ፒዲኤፍ ባዶ ነው፣ ገጽ 1 ገጽ 2 ብሎ ያልፋል ምንም የለውም። ጋሼ ያሉት አይነት ሲሆን ደግሞ ቶክባኩ የእንግሊዝኛ ፊደል በየተራ እየጠራ ይለፈልፍብኛል። መጽሐፉ ስልኬ ውስጥ አለ፣ ሰው ሁሉ ስለሱ ያወራል፣ እኔ ግን የሚያነብልኝ ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

በዩኒኮድ የተጻፈ ዎርድ ወይ ኢፐብ ሲደርሰኝ ግን ማንንም አልለምንም። ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼ እጨርሰዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፣ የምዕራፉን ርዕስ ፊደሉን አሳድጋችሁ አድምቃችሁ ብቻ አትተዉት፣ ሄዲንግ በሚለው ስታይል አድርጉት። ለሚያይ ሰው ልዩነት የለውም፣ ለኔ ግን በአንድ ምልክት ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እዘላለሁ፣ ካልሆነ መሃል ላይ ካቋረጥኩ ከመጀመሪያው እየሰማሁ ነው የምፈልገው።

ሳቢያን ማዶ
ወንድሜ ይሄን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። የኔ ችግር ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ከአሁን በኋላ ቴሌግራም ላይ ስካን የሚለቁትን ሳገኝ ያንተን ነው የማነሳላቸው።

ገንደቆሬ 12ኛ
ተማሪ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ኢፐብም አላስደሰተኝም። ፊዚክስ መጽሐፍ ከፒዲኤፍ ወደ ኢፐብ ቀይሬ ፎርሙላው ተበታተነ፣ ከላይ ያለው ከታች ካለው ጋር ተደባልቆ በአንድ መስመር ተጻፈ፣ ሰንጠረዡ ደግሞ የመጀመሪያው ሁለት አምድ ብቻ ታይቶ ሌላው ከስክሪን ውጭ ቀረ። እና ለትምህርት ፒዲኤፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለገሃር ባቡር
ልክ ነህ፣ ለሱ ፒዲኤፍ ይሻልሃል። ፒዲኤፍ ውስጥ ያለው ይሄ ፊደል እዚህ ቦታ ላይ ይቀመጥ የሚል ትእዛዝ ነው፣ ይሄ አንቀጽ ነው ይሄ ሰንጠረዥ ነው የሚል መረጃ ብዙ ጊዜ የለውም፣ ስለዚህ መቀየሪያው በግምት ነው የሚሰራው። ከመጀመሪያው እንደ ኢፐብ ከተሰራ ለፎርሙላ ማትኤምኤል የሚባል ነገር ኢፐብ 3 ላይ አለ፣ ግን ብዙ የማንበቢያ አፕ በደንብ አያሳየውም። ስልኩን አግድም አድርገህ ዳርና ዳር ያለውን ባዶ ማርጅን ቆርጠህ አንብብ፣ ሪድኢራ የሚባለው አፕም ኬኦ ሪደርም ይቆርጡልሃል፣ ማርጅን ብቻ ሲጠፋ ፊደሉ ምን ያህል እንደሚያድግ ታያለህ።

አምስቱ በር
አሰላሙ አለይኩም ጀመዓ። ከጀጎል ነኝ። እስቲ የኛንም ስሙ። እኛ ጋ ኪታብ ስታነብ አረብኛውና የአማርኛ ትርጉሙ አንድ ገጽ ላይ ነው፣ አንዳንዴም አንድ መስመር ላይ። ፒዲኤፉ ላይ ልክ ነው። ወደ ኢፐብ ሲሄድ ግን ቅንፉ ይገለበጣል፣ የአንቀጹ ቁጥር ከመጨረሻ ተነስቶ መጀመሪያ ላይ ይሄዳል፣ አረብኛው መሃል መስመር ካለቀበት የመጀመሪያው ቃል ከታች ወርዶ የመጨረሻው ከላይ ይቀራል። አሮጌ ኢሪደር ላይማ ይባስ ብሎ የአረብኛው ፊደል አይያያዝም፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቆሞ ይመጣል። ይሄ ለሌላ መጽሐፍ የውበት ጉዳይ ብቻ ነው ትሉ ይሆናል፣ ለእንዲህ አይነት ጽሑፍ ግን አንድ ቃል ቦታዋን መልቀቅ የለባትም። ስለዚህ ኢፐብ ይሻላል ስትሉኝ እፈራለሁ። ሐረር ውስጥ በቤተሰብ እጅ ያለው፣ ሙዚየሙ ውስጥ የተቀመጠው የእጅ ጽሑፍ ሁሉ ነገ ወደ ስልክ ይግባ ቢባል በምን ይግባ?

ለገሃር ባቡር
ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። የእጅ ጽሑፉ ምስሉ ነው መቀመጥ ያለበት፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም፣ ህዳግ ላይ የተጻፈው ሐሺያ አቅጣጫው ሁሉ ይለያያል፣ በጽሑፍ ቀይሬ ላፍስሰው ብትል ይጠፋል። በጥሩ ጥራት ስካን አድርጎ ማስቀመጥ፣ ለንባብ ደግሞ ጽሑፉን ለብቻ መለቀም።

አዲስ ለሚለቀመው ግን ችግሩ መፍትሄ አለው። ቅንፍ የራሱ አቅጣጫ የለውም፣ የቁጥርም ቦታ በአጠገቡ ባለው ጽሑፍ ነው የሚወሰነው። ፋይሉ ውስጥ ይሄ አረብኛ ነው ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚል ምልክት አረብኛው ላይ በየቦታው ካልተደረገ አፑ ይገምታል። ከፒዲኤፍ በቀጥታ የተቀየረ ፋይል ይሄ ምልክት አይኖረውም። አንቀጹን ደግሞ ለያይተው፣ አረብኛው በራሱ አንቀጽ ከላይ፣ አማርኛው ከታች፣ ያኔ መሃል መስመር መቆረጥ የሚባል አይኖርም። ከቀኝ ወደ ግራ የሚገለጥ መጽሐፍን ኢፐብ 3 ያውቀዋል፣ እሱ የወጣው እ.ኤ.አ በ2011 ስለሆነ ከዛ በፊት በተሰራ መሳሪያ ላይ አትፍረድ።

አምስቱ በር
ጀዛከላህ። ለያይቶ ማስቀመጡ ይገባኛል፣ ለተማሪም ይቀላል። ግን ይሄን ምልክት በየቦታው የሚያደርግ ሰው ይፈልጋል፣ እሱ ነው የሌለን።

ስንኝ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ደግሞ ግጥም ነው የማነበው፣ እዚህ ላይ ኢፐብም ፒዲኤፍም ያሳዝኑኛል። ፒዲኤፍ ስንኙን ይጠብቃል ግን አይነበብም። ኢፐብ ይነበባል ግን ስንኙን ይበላዋል። አሁን እዚሁ የገጠምኩትን ላሳያችሁ፣ እንዲህ ነው መታየት ያለበት፦

ደቻቱ ሲሞላ ድልድዩ ላይ ቆሜ
ካሸዋው ጋር ሄደ የትናንቱ ህልሜ

በግዴለሽ የተቀየረ ኢፐብ ላይ እንዲህ ይመጣል፦

ደቻቱ ሲሞላ ድልድዩ ላይ
ቆሜ ካሸዋው ጋር ሄደ
የትናንቱ ህልሜ

ቆሜ እና ህልሜ ቤት መምታታቸው የት አለ? ቀያሪው ሁለቱን ስንኝ አንድ አንቀጽ አድርጎ አፈሰሳቸው። የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ መሃሉ ላይ ትንፋሽ አለው፣ አይንሽ መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጆሮሽ ቤቱን ይጠብቃል፣ መስመሩ ከተበላሸ ግጥሙ ጮክ ብለሽ ብታነቢው እንኳን ይሰናከላል። አንድ የግጥም መድብል እንዲህ ሆኖ ገዝቼ በጣም ነው የተናደድኩት ምክንያቱም ገጣሚው አንድ ቃል ለማስተካከል ስንት ለሊት እንዳደረ አውቃለሁ። ገዢው የሚያየው ግን ያንን ነው፣ ስድ ንባብ መስሎት ይተወዋል።

ለገሃር ባቡር
እህቴ ይሄ የፎርማቱ ጥፋት አይደለም፣ የሰሪው ነው። እያንዳንዱ ስንኝ የራሱ መስመር ተብሎ ፋይሉ ውስጥ መለየት አለበት። ከዛ አንባቢው ፊደሉን በጣም አሳድጎ ስንኙ ባይበቃው የተረፈው ቃል በሁለተኛው መስመር ገባ ብሎ እንዲቀጥል ታደርጊዋለሽ፣ አዲስ ስንኝ ግን ሁልጊዜ ከዳር ይጀምራል። ያኔ የትኛው የስንኝ መጀመሪያ የትኛው ቅጥያ እንደሆነ አይን ይለየዋል። ሲኤስኤስ በሚባለው፣ የኢፐቡ አቀማመጥ በሚታዘዝበት ኮድ ላይ፣ ሁለት መስመር ብቻ ነው። የወል ቤት ደግሞ አጭር ስለሆነ በመካከለኛ ፊደል ስልክ ላይ ሳይቆረጥ ይገባል፣ የሚያስቸግረው ረዣዥሙ ነው።

ስንኝ
ታዲያ ሁለት መስመር ከሆነ ለምን አይደረግም? እውነቴን ነው የምጠይቀው።

የድሮ ታይፒስት
ልጄ፣ ማንም ገዢ ስላልጠየቀ ነው። ወረቀት ላይ ስንኝ ብንሰብር ገጣሚው ማተሚያ ቤት ድረስ መጥቶ ይቆጣን ነበር። ኢ-ቡኩን ግን ራሱ ገጣሚውም ከፍቶ አላየውም።

አራተኛ
እኔ ሐረር አራተኛ አካባቢ የምኖር፣ መጽሐፍ ያሳተምኩ ሰው ነኝ፣ ስሜን ግን እዚህ አልጽፍም። ክርክራችሁን በደንብ አነበብኩት፣ በጸሐፊ በኩል ያለውንም መስማት አለባችሁ። መጽሐፌን ስጽፍ ዓመታት ፈጅቶብኛል፣ ለማሳተም ተበድሬያለሁ። በወጣ በሳምንቱ አንድ ሰው በስልኩ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። አሁን ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ አውጥቼ ብሸጠው ሰው ኮፒ አድርጎ ስሜን አውጥቶ የራሱን ቢያስገባበት ምን ይመልሰዋል? ፒዲኤፍ ቢያንስ ገጹ እንደሰራሁት ይቆያል። ሌላው የገጽ ቁጥር ነው። ተማሪ ጥናት ሲጽፍ ገጽ 84 ብሎ ይጠቅሰኛል፣ ኢፐብ ላይ ፊደል በተለወጠ ቁጥር ገጽ ይለወጣል፣ ታዲያ እንዴት ልጠቀስ?

ሳቢያን ማዶ
ጋሼ በመጀመሪያ ስለተሰረቀብዎት አዝናለሁ፣ ይሄ ከልቤ ነው። ግን እስቲ ያዩት፣ የተሰረቀው የወረቀቱ መጽሐፍ ነው፣ ኢፐብ ስላልነበረ አልዳነም። ሌባው በካሜራ አነሳው፣ ገዝቶ ማንበብ የሚፈልገው ሰው ደግሞ የሚገዛው ነገር ስላጣ ያንኑ ፎቶ አነበበ። እኔ ራሴ የምፈልጋቸውን መጽሐፎች በስልክ የምገዛበት ቦታ ባገኝ አሁኑኑ እገዛለሁ፣ ድሬ ላይ ሁሉም መጽሐፍ አይደርስም፣ ሲደርስም ቶሎ ያልቃል።

ለገሃር ባቡር
ገጽ ቁጥሩ መልስ አለው። ኢፐብ የወረቀቱን ገጽ ቁጥር በውስጡ መያዝ ይችላል፣ ገጽ 84 የሚጀምርበት ቃል ላይ የማይታይ ምልክት ይደረጋል፣ ፊደሉ ምንም ያህል ቢያድግ ምልክቱ ከቃሉ ጋር ነው የሚሄደው። ሁሉም አፕ አያሳየውም ግን ጥሩዎቹ ያሳያሉ።

ቁልፍ ማድረግ የሚባለውን ግን አልመክርዎትም። የተቆለፈ መጽሐፍ ከአንድ አፕ ወይ ከአንድ መሳሪያ ጋር ይታሰራል፣ ስልክ ሲቀየር ገዢው የከፈለበትን ያጣል፣ ቁልፉን መስበር የሚፈልገው ደግሞ ይሰብረዋል። እ.ኤ.አ በ2009 አንድ ትልቅ የውጭ ሻጭ የሸጠውን መጽሐፍ ከሰዎች መሳሪያ ላይ በርቀት አጥፍቶ በኋላ ይቅርታ የጠየቀበት ጊዜ ነበር። ከዛ ይልቅ የገዢውን ስም መጽሐፉ ውስጥ ማስገባት ይሻላል፣ ሰው የራሱ ስም ያለበትን ፋይል ቻናል ላይ ለመልቀቅ ያስባል።

ደግሞ በሞቢ፣ በአማዞን የድሮ ፎርማት፣ አውጣልኝ የሚል ካለ አይስሙት፣ አማዞን ራሱ ወደ ኪንድል መሳሪያው በሚላክ ፋይል ላይ እ.ኤ.አ ከ2022 ጀምሮ ኢፐብ እየተቀበለ ሞቢን አቁሟል። አንድ ኢፐብ ለሁሉም ይበቃል።

በጆሮ አንባቢ
ጋሼ፣ ቁልፍ ሲባል እኔንም ያስቡኝ። የተቆለፈ መጽሐፍ የሚከፈትበት አፕ ከቶክባክ ጋር ካልተስማማ ብሬን ከፍዬም መስማት አልችልም። ፎቶ ተነስቶ የተለቀቀው መጽሐፍዎ ለኔ አይሆነኝም፣ ሰርቄ እንኳን ላነበው አልችልም። በኢፐብ ቢያወጡት ግን እገዛዎታለሁ፣ እንደኔ ያሉ ጓደኞቼም ይገዛሉ።

አራተኛ
ወንድሜ ይሄ ልቤን ነክቶታል። በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። አንድ ምዕራፍ ልስጥና ሰርታችሁ አሳዩኝ። ዋናው ፋይል ግን የቱ እንደሆነ እንኳን አላውቅም፣ ማተሚያ ቤቱ የሰጠኝ ፍላሽ ላይ ነው ያለው።

የድሮ ታይፒስት
ያችን የኮፒ ሙከራ ያድርጓት። ትርጉም የለሽ ነገር ከወጣ ፋይሉን ለኔ ይላኩት፣ የድሮዎቹን ፎንቶች ቅደም ተከተል አውቀዋለሁ፣ መቀየሪያም አለኝ። መቀየሪያው ጨርሶ አይጨርሰውም፣ ዲቃላ ፊደሎቹ ላይ ቋ ጓ ኳ ላይ ይስታል፣ አራት ነጥብ ፋንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ የተመታበትም ይኖራል፣ ከአራት ነጥቡ በፊት ባዶ ቦታ የተተወበትም ይኖራል። ወረቀት ላይ ያ አይታወቅም ነበር፣ ስልክ ላይ ግን መስመሩ ሲሞላ ነጥቡ ብቻውን ወርዶ የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ይቆማል። እሱን ሁሉ በአይን ማረም ነው። አረማለሁ።

ለገሃር ባቡር
እኔ ኢፐቡን እሰራዋለሁ። ዳርና ዳር እኩል አላስደርገውም፣ ምክንያቱም ቃላቶቻችን ረጃጅም ናቸው፣ አንድ መስመር ላይ ሶስት ቃል ሲገባ እኩል ላርግ ካለ በቃላቱ መሃል ትልቅ ጉድጓድ ይፈጠራል። ከግራ ብቻ አስይዘዋለሁ። የመስመር ክፍተቱንም ሰፋ አደርገዋለሁ፣ የኛ ፊደል ከእንግሊዝኛው ቁመቱ ስለሚበልጥ በእንግሊዝኛው ልክ ከተተወ ይጨናነቃል። መጠኑን አትስጉ፣ 300 ገጽ በየገጹ 1500 ፊደል ቢኖር አንዱ ፊደል 3 ባይት ነው፣ 1.35 ሜጋ ይሆናል፣ ሲታመቅ ደግሞ ከዛም ይቀንሳል። ስካኑ ስንት እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

(ከጥቂት ቀናት በኋላ)

ለገሃር ባቡር
ምዕራፉ ተሰርቷል፣ በውስጥ ልኬላችኋለሁ። ፋይሉ በድሮው ፎንት ነበር፣ ጋሼ አስተካክለውታል። ከርዕሱ ስር ያለችውን አራት መስመር ግጥም ስንኝ እንዳለችው አድርጌያታለሁ። ስልክ ላይም ኢሪደር ላይም እዩትና ንገሩኝ።

ሳቢያን ማዶ
አየሁት አቦ። ኢሪደሩ ላይ ሳጥን የለም፣ ፎንቱ ከውስጥ ስለገባ ነው፣ ምርጫው ላይ የአሳታሚው ፎንት የሚለውን ብቻ ነው መንካት የነበረብኝ። ፊደሉን አሳደግኩት፣ መስመሩ አብሮ ተስተካከለ፣ ወደ ቀኝ ወደ ግራ መጎተት የለም። ከዚራ ሄጄ ጨረስኩት። አንድ የቀረ ነገር ፍለጋው ነው፣ ፀሐይ ብዬ ስፈልግ በጸ እና በሀ የተጻፈውን ጸሀይ አያመጣልኝም፣ አፑ ሁለቱን አንድ ነው ብሎ አያውቅም።

ለገሃር ባቡር
እሱ የአፖቹ ነው፣ ፋይሉ ላይ ልናስተካክለው አንችልም። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ሁሉም እንደዛው ነው። ኬኦ ሪደር ኮዱ ክፍት ስለሆነ ጥያቄውን እዛ አቀርበዋለሁ።

ስንኝ
ግጥሟ ልክ ናት። ፊደሉን እስከ መጨረሻው አሳድጌ አየሁ፣ ቅጥያው ገባ ብሎ ነው የወረደው፣ ቤቱ ከመስመሩ ጋር አልተደባለቀም። እናመሰግናለን።

በጆሮ አንባቢ
ሙሉውን ሰማሁት። ከንዑስ ርዕስ ወደ ንዑስ ርዕስ መዝለል ሰራ። ኢስፒክ ጥቂት ቃላት ላይ ማጥበቅና ማላላቱን ይስታል፣ ገና አለ ሲል ገና በዓሉ ይሁን ገና ጊዜው የምለየው ከሃሳቡ ነው፣ እሱን ለምጄዋለሁ። ጋሼ አራተኛ፣ መጽሐፍዎ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ ነው?

አራተኛ
ስንት ዓመት ጽፌ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቁኝ ደስ ይላል። ሙሉውን ፋይል ለጋሼ ታይፒስት እልካለሁ፣ የድካማቸውን ግን መክፈል አለብኝ፣ ለልጁም ጭምር፣ ዋጋ ንገሩኝ። የወረቀቱ ገጽ ቁጥር እንዲገባ እፈልጋለሁ። የገዢው ስም የሚገባበትንም መንገድ እንነጋገርበት።

የድሮ ታይፒስት
ዋጋው አያጣላንም። ፋይሉን በቴሌግራም አይላኩት፣ ሐረር የሚመጣ ሰው አለኝ፣ ፍላሹን ለእሱ ይስጡት። ከፒዲኤፉ ጋር የታተመውንም አንድ ቅጂ ይጨምሩልኝ፣ ዲቃላዎቹን ከወረቀቱ ጋር እያስተያየሁ ነው የማርመው።

አምስቱ በር
ጋሼ ያ ሰው ሲመጣ እኔንም ይደውልልኝ፣ ሁለት ገጽ ኪታብ ከነትርጉሙ አብሬ እልካለሁ። አረብኛውን እኔ አርመዋለሁ።